«እሱ እንዳይሰማ!»፦ እትዬ ወለተሐና እና የጋሽ ዓወል አንጀት

በዚህ አገር የሚታመመው አንድ ሰው ነው፤ ሐኪም ቤት የሚሄደው ግን ሰፈሩ ነው። ከሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ማንም ይታመም ማን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ በር ላይ የምትቆም አንዲት ሴት አለች። በእናንተም ሰፈር አለች፤ የለችም እንዳትሉ። የሐኪም ቤቱን ዘበኛ ከነልጆቹ ስም ታውቀዋለች። የትኛዋ ካሸር ከምሳ ቶሎ እንደምትመለስ ታውቃለች። የላቦራቶሪው ሰልፍ የት ጋ እንደሚሳሳ ታውቃለች። በሽተኛው ምን እንደታመመም ታውቃለች። የማያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው፤ እንዳያውቅ የምታደርገውም እሷው ናት።

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ወለተሐና ናቸው። ማዕረጋቸው ብዙ ነው፤ የሕሙማን አፈ ጉባኤ፣ የአልጋ ዳር ባለሙሉ ሥልጣን፣ የውጤት ተቀባይ፣ የክፉ ወሬ ዘብ። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው። አባታቸው በየደብሩ መርዶ የሚያረዱ ሰው ስለነበሩ፣ ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚያዝ የተማሩት ከቤታቸው ነው። ሰውየው ሳይበላ አይነገረውም፤ ብቻውን ሆኖ አይነገረውም፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገረውም። ለሞተ ሰው ወሬ ይህ ደግ ሥርዓት ነው። ሟቹ አይቸኩልም። እትዬ ወለተሐና ግን ይህንኑ ሥርዓት አንሥተው ላልሞተ ሰው አደረጉት፤ ገና ኪኒን ለሚውጥ፣ ገና ሊድን ለሚችል ሰው።

ዶክተር ሔራን የራዲዮሎጂ ሐኪም ናት። በከተማው በቅርቡ በተከፈተ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ውስጥ አልትራሳውንድ ትሠራለች፣ ሲቲ ስካን ታነባለች። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ አስተኝታ፣ «የት ጋ ነው የሚያምዎት አባባ?» ብላ ጠየቀች።

«እዚህ ጋ» አሉ ከኋላዋ የቆሙ ሴትዮ፣ የራሳቸውን ጎን ይዘው።

«እትዬ፣ እኔ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው።»

«እኔን ጠይቂኝ ልጄ። እሱ ሲያመው ይጮኻል እንጂ የት እንዳመመው አያውቅም።»

ሽማግሌው በተኙበት ሆነው በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሔራን ያን ቀን የገባት ነገር፣ እዚህ አገር በሽተኛ ለሁለት ተከፍሎ እንደሚመጣ ነው፤ አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ይናገራል።

ውጤት ሲመጣ ደግሞ እትዬ ወለተሐና ሐኪሙን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ኮሪደር ያወጡታል። «እሱ እንዳይሰማ!» ይላሉ፣ በሽተኛው በሩ ሥር ተቀምጦ እየሰማ። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ ሰርግ የተጠሩ መስለው ይመለሳሉ። «ምን አሉ?» ይላል በሽተኛው። «ብርድ ነው» ይላሉ። ልቡ ያበጠውም ብርድ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመውም ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ውሸት ይመቻል፤ ብርዱ አያሳፍራቸውም፣ ሁልጊዜ ከውጭ ቆሞ ይመሰክርላቸዋል።

አንድ ጊዜ ተስፋሚካኤል የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ ስኳር በሽታ ተገኘበት። እትዬ ወለተሐና እንደ ልማዳቸው ኮሪደር ወጥተው ሰሙ፣ ተመለሱ፣ «ብርድ ነው» አሉት። ሰውየው ብርድ የያዘው ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ትኩስ ሻይ አበዛ። ሻዩን ደግሞ ጣፋጭ አድርጎ፣ ማንኪያው እስኪቆም ስኳር ጨምሮ። የእግሩ ጣት ላይ ያለች ቁስል አልድን ብላ እስክትሸት ድረስ ብርዱን በስኳር ሲያባርር ከረመ። እትዬ ወለተሐና ታዲያ ምን አሉ? «እኔማ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።» አዎ፣ አልደነገጠም። ጣቱን ሲቆርጡለት ግን ደነገጠ።

እዚህ ላይ እትዬን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ኮሪደር ወጥቶ የሚነግራቸውስ ማን ነው? የተማረው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው፣ የበሽተኛ መብት የሚል ሥልጠና ወስዶ የተመረቀው ነው። የገዛ አካሉ ጉዳይ የሚነገረው ለሰውየው ለራሱ መሆኑን በፈተና ላይ ጽፎ አልፏል። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግን የሰው ፊት መጥቆር ማየት ስለማይወድ፣ ሸክሙን ለእትዬ ያስታቅፍና ወደ ሻይ ቤት ይሄዳል። ሔራንም ከዚህ አታመልጥም፤ እንመጣበታለን።

ጋሽ ዓወል የአልዩ አምባ ተወላጅ፣ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ከእትዬ ወለተሐና ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው ነው። እሱ በረመዳን ሲጾም እትዬ ወጥ የሚሠሩት መስኮት ዘግተው ነው፤ እሳቸው ሑዳዴን ሲይዙ እሱ ሥጋ ጠብሶ አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሆዱን የሚያየው ሰው እትዬ ብቻ ናቸው።

ይህ ሰው ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ማየት ከጀመረ ሰንብቷል። ለማን ይናገራል? አፈረ። መጨረሻ ላይ «ሆዴ ልክ አይደለም» ብሎ ለእትዬ ጣል አደረገ፤ እትዬ ደግሞ የቀረውን በማንኪያ እንደሚጨለፍ ነገር አንድ በአንድ አወጡት። በነጋታው ሐኪም ፊት አቀረቡት። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች በኩል ገብቶ አንጀቱ ይታይ አለ።

«ወላሂ አይሆንም!» አለ ጋሽ ዓወል። «በዚያ በኩል እንኳን ካሜራ፣ እኔም ራሴ አይቼ አላውቅም።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ እንግዲያው ለመነሻ ያህል በሲቲ ስካን ይታይ ብሎ ወደ ሔራን ላከው። ሲቲ ስካኑ ሆድን በቀጫጭን ሥዕል ይሸነሽነዋል። ኮምፒውተሩ ሽንሽኑን መልሶ ይገጣጥምና ትልቁን አንጀት ከውስጥ እንደ ዋሻ ያሳያል። ከዋሻው ግድግዳ ወጣ ብላ የምትታየው ነገር ሁሉ ላይ ቀይ ክብ ያደርጋል። የሚፈልገው ፖሊፕ የሚሏትን ትንሽ የሥጋ እንቡጥ ነው። ብዙዎቹ እንቡጦች ምንም ሳያደርጉ ይኖራሉ፤ አንዳንዷ ግን በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ትዞራለች። ቀድማ ከተነቀለች ነገሩ እዚያው ያልቃል። ኮምፒውተሩ ፈራጅ አይደለም፣ ጠቋሚ ነው። ፍርዱ የሔራን ነው።

ለዚህ ምርመራ አንጀት ባዶ መሆን አለበት። «ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ይጠጣሉ፤ ምግብ አይበሉም፣ ፈሳሽ ብቻ» ተብሎ ለጋሽ ዓወል ተነገረው። ማለት ለእትዬ ተነገራቸው። እትዬም ቃሉን ጠበቁ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ዓወል ማሽኑ ላይ ተኛ፣ አንጀቱ እንዲከፈት በቀጭን ቱቦ አየር ተነፋበት፤ እንደ ኳስ ተወጥሮ «ያ ረብ!» እያለ ሥዕሉን ተነሣ። እትዬ ወለተሐና መስታወቱ ጀርባ ካለው ክፍል ገብተው ከሔራን ትከሻ ኋላ ቆሙ። አትግቡ የሚላቸው ዘበኛ እስካሁን አልተቀጠረም። ሔራን ስክሪኑን ስትከፍት ዋሻው በሙሉ ቀይ በቀይ ሆነ። ክብ በክብ ላይ። ኩፍኝ የያዘው አንጀት መሰለ።

ሔራን ዞር አለች። «እትዬ፣ ትናንት ጋሽ ዓወል ምን ጠጡ?»

«የተባለውን። ፈሳሽ።»

«ምን ፈሳሽ?»

«በሶ። ቀጠን አድርጌ ነው የበጠበጥኩለት። ሰውየው በባዶ ሆዱ ማሽን ውስጥ ይግባ እንዴ?»

«በሶ እኮ ገብስ ነው!»

«ይጠጣል እንጂ ይታኘካል? አንቺስ የማን ልጅ ነሽ፣ በሶ ምግብ ነው ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሔራን ያደገችው እነዋሪ ነው፤ እዚያም በሶ የሚጠጣ ነገር ነው። ጋሽ ዓወልን በሆዱ ገልብጣ እንደገና አነሣችው። መላው ይኸው ነው። የቀረ ገብስ ሰውየው ሲገለበጥ አብሮ ይንሸራተታል፤ ግድግዳው ላይ የበቀለ ሥጋ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጋ ክቦቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመረች። ይህ ተንሸራቷል፤ አጠፋችው። ያም ተንሸራቷል፤ አጠፋችው።

«ይኼ ኮምፒውተር ጠርጣራ ነው» አሉ እትዬ።

«ጠርጣራ እንዲሆን ነው የተሠራው። ማጣራቱ የእኔ ነው።»

ሔራን ብዙ ከቆየች በኋላ ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ብቻ ቀረች። አንጀቱ ከሚታጠፍበት ዘንድ፣ የአተር ፍሬ የምታክል፣ ሰውየው በጀርባውም በሆዱም ሲተኛ ያልተንቀሳቀሰች። ሔራን ዝም አለች። የሐኪም ዝምታ ማንበብ ደግሞ የእትዬ ዋና ሙያቸው ነው።

«እሱ እንዳይሰማ!»

«እትዬ፣ ካንሰር ነው አላልኩም። እንዲያውም በጊዜ ነው የተገኘችው። አዲስ አበባ ሄደው በካሜራው ገብተው ቢነቅሏት…»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ለእኔ ተይው። ግን ያቺን ክብ አጥፊልኝ።»

«ምን?»

«ፊልሙን ማየቱ አይቀርማ። ያለ ክቧ አውጪለት። ያን ሁሉ ስታጠፊ አልነበር እንዴ፣ አንዷን መጨመር ምን ያቅትሻል?»

ሔራን ክቧን አላጠፋችም። ለዚህስ ተመስገን። ግን ከዚያ የማይሻል ነገር አደረገች። ጋሽ ዓወል ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ ሲወጣ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «እትዬ ይነግሩዎታል» አለችው። የበርበሬ ዘር ሳይቀር ለይቶ የሚጠቁም ማሽን ከውጭ ተገዝቶ፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር እየሠራ፣ አተር የምታክለውን ነገር ከገብስ መካከል ለይቶ አገኛት፤ ቀሪው ሥራ ሦስት ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው በአማርኛ መናገር ብቻ ነበር። እሱ ነው ያቃተን።

እትዬም ነገሩት። «ብርድ ነው» አሉት። «አንጀትህን ብርድ መቶታል።»

ሳምንታት አለፉ። ሔራን ከአዲስ አበባ መልስ ስትጠብቅ የለም። ጋሽ ዓወል ካርዱ ላይ ወዳስመዘገበው ስልክ ደወለች።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ እትዬ ወለተሐና።

«እትዬ? ይሄ የጋሽ ዓወል ስልክ አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ነው። የሁሉም ካርድ ላይ ያለው የእኔ ነው፤ እነሱ ይደነግጣሉ ብዬ።»

«አዲስ አበባ ሄዱ?»

«እያዘጋጀሁት ነው ልጄ።»

«ምን ማዘጋጀት ነው? ይንገሩት፣ መኪና ይሳፈር፣ አለቀ!»

«እንዲህ ያለ ነገር በአንዴ አይወረወርም። ቀስ ነው። አብልቼ አጠንክሬ፣ ልጁንም ከአረርቲ አስጠርቼ…» ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እትዬ ይሁኑ አልታወቀም።

ሔራን ጋዋኗን አውልቃ ወደ ገበያ ወጣች። የጋሽ ዓወል ሱቅ በር ላይ ስትደርስ ከበርበሬው ሽታ በፊት የገረማት ባዶነቱ ነው። ጆንያዎቹ ተራቁተዋል። ጋሽ ዓወል ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሚዛኑን በጨርቅ ይወለውላል፤ ለሌላ ሰው እንደሚያስረክብ ሰው።

«ዶክተር! ግቢ፣ ግቢ» አለ። ወንበር ካራገፈላት በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥሩ መጣሽ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዋሺኝም። ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«ለምኑ?»

«ለመሞቴ ነዋ።»

ሔራን አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«እንዴት አወቅክ አትበይኝ» አለ ጋሽ ዓወል። «ወለተሐና ብርድ ነው አለችኝ። ወለተሐና ብርድ ነው ያለችው ሰው ሁሉ የት እንደደረሰ ሰፈሩ ያውቃል። ከዚያ ደግሞ ቅቤ ያለው ገንፎ በየጧቱ መምጣት ጀመረ። ልጄ ከአረርቲ በሥራ ቀን መጣ፤ ምን አመጣህ ስለው 'ናፍቀኸኝ ነው' አለኝ። ይሄ ልጅ በኢድ እንኳን ናፍቄው አያውቅም! ይሁን አልኩ። ኋላ ግን ገብረአብ መጣ።»

«ማነው ገብረአብ?»

«የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ነው። በሚዛን ተጣልተን ከተኮራረፍን ዘመን ሆኖናል። መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። 'ይቅር በለኝ ዓወል፣ በዚህች ዓለም ምን አለ' አለኝ። ያን ጊዜ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይታረቁትም።»

«ታዲያ ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?»

«ወለተሐና እንዳወቅኩ ካወቀች ትሞታለች። ያን ያህል ለፍታ ደብቃ! እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሔራን ስልኳን አወጣችና ከፊልሙ ያነሣችውን ሥዕል ፊቱ ዘረጋችው። ዋሻውን፣ ግድግዳውን፣ ቀይዋን ክብ። «ይቺን ያያሉ? ይቺ ናት። የአተር ፍሬ ታክላለች። ገና በሽታ መሆኗ አልተረጋገጠም። ተትታ ብትከርም ግን ትከፋ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ቶሎ መነቀል ያለባት። የዚያ ካሜራ ቱቦ ገብቶ ይነቅላታል፤ ሆድ አይቀደድም፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። ይህን ያን ቀን ለእርስዎ ለራስዎ መንገር ነበረብኝ። ሳልነግርዎት ቀረሁ።»

ጋሽ ዓወል ስልኩን ይዞ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ለዚች ነው?» አለ። «ለዚች ነው ገብረአብ ጉልበቴን የያዘው?» መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን አዞረ።

በዚህ መሀል እትዬ ወለተሐና ሱቁ ገቡ። ገንፎም ይዘው ነበር። ሔራንን ሲያዩ፣ ስልኩን ሲያዩ፣ ክቧን ሲያዩ፣ ሳህኑን ባዶ ጆንያ ላይ አስቀመጡት።

«ነገርሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«እኔ እንዳይፈራ ብዬ ነው!» አሉ፣ ወደ ጋሽ ዓወል ዞረው። «ሌላ ምን ክፋት አለኝ? እንዳትፈራ ብዬ ነው ዓወል!»

«ፈራሁ እኮ» አለ ጋሽ ዓወል። «ሌሊቱን በሙሉ ግድግዳው ወዲህ ሆኜ እፈራለሁ፤ አንቺ ግድግዳው ወዲያ ትፈሪያለሽ። ብቻዬን ነው ያስፈራሽኝ ወለቴ።»

ለስንት ሰው በጭንቅ ጊዜ አፍ የሆኑት እትዬ ወለተሐና ወደ በሩ ዞሩ። በርበሬው ነው እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ በርበሬ ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ የወጡት በዚያው ሳምንት ነው። በፊት የሔራን ሐሳብ ሰውየውን ከልጁ ጋር መላክ ነበር፤ ጋሽ ዓወል ግን «ካሜራውን የምፈቅደው ወለተሐና ካለች ነው፤ የሚያሳፍረውን ከእሷ ጋር ለምጄዋለሁ» አለ። ይህን ጊዜ በሶ አልተበጠበጠም። እንቡጧ ተነቀለች፣ ወደ ምርመራ ተላከች። ውጤቱ ሲደርስ ጋሽ ዓወል ራሱ ይዞ የሔራን ቢሮ ገባ። ካንሰር አልሆነችም፤ መንገድ ላይ ግን ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይታይ ተብሏል።

«አልሃምዱሊላህ» አለ፣ ተቀመጠም። «ግን ይህን ልነግርሽ አይደለም የመጣሁት። የወለተሐናን ጉድ ልነግርሽ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በሄዱበት ሐኪም ቤት ደንብ አለ፤ የማደንዘዣ መድኃኒት ስለሚሰጥ፣ አብሮ የሚወስድ ሰው የሌለው በሽተኛ አይሠራለትም። ከደነባ ብቻዋን የመጣች አንዲት ሴት «ሰው ይዘሽ ነይ» ተብላ ልትመለስ ቦርሳዋን አንሥታለች። እትዬ ወለተሐና ከወንበራቸው ተነሥተው «የእኔ ናት» አሉ። ስሟን እንኳን አያውቁም። ነርሷ ስሟን ስትጠይቃቸው ወደ ሴትዮዋ ዞር ብለው «ማን ልበል?» ሲሉ ነርሷ ሳቀች፣ ግን አስገባቻት።

«እኔ ከማደንዘዣው ስነቃ» አለ ጋሽ ዓወል፣ «ያቺ ሴት አጠገቤ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሙ መጥቶ ወለተሐናን በጣቱ ጠራት። ወደ ኮሪደር፣ ታውቂያለሽ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። በል አልኩ፣ ብርዱ መጣ። ወለተሐና ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች። 'ና ወዲህ' አለችው ሐኪሙን። 'ዶክተር፣ የአካሏ ባለቤት እሷ ናት፤ ለእሷ ንገራት።' ሴትዮዋ የወለተሐናን ነጠላ ያዘች። 'እርስዎ ይስሙልኝ እናቴ፣ እኔ እፈራለሁ' አለች። ወለተሐና አልጋው ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። 'መስማቱን አንቺ ስሚ፤ ፍርሃቱን እንካፈላለን' አለቻት።»

ሔራን በሩን ከፍታ ዘበኛውን ጠራችና በበሽተኛው ወንበር ጎን፣ እጅ ለእጅ የሚያደራርስ አንድ ሌላ ወንበር ለአስታማሚ እንዲያመጣ ነገረችው።